በማይረጋ መሬት ላይ በጀሶ እግር

አዋሽ የሄድኩት አባቴን ከዚያ ላወጣው ነበር። መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል። እኔ የምሠራው ሰመራ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። በስልክ "አባዬ፣ እባክህ እኔ ጋ ና" ባልኩት ቁጥር "እሺ፣ እናያለን" ይለኝና ወሬውን ወደ ውሃ መጥፋት ወይም ወደ ጎረቤት ፍየል ያዞረዋል። አንድ ቀን እያወራን ድምፁ ድንገት ጠፋ። መልሼ ስደውል አያነሳም። እስኪያነሳ ድረስ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቢሮው ውስጥ ስመላለስ ቆየሁ። በመጨረሻ ሲያነሳ "ሻይ ጥጄ ነው እኮ" አለኝ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን በሐዲድ ጥገና ነው የጨረሰው። የሚኖረው እኔ በተወለድኩበት፣ ከድሮው ጣቢያ ብዙም በማይርቅ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ከፊቱ በረንዳ አለው፤ ከበረንዳው ወደ ግቢ የሚያወርዱ ጥቂት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው።

ስደርስ ግድግዳው ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አየሁ። እጄን ብሰድ ጣቴ ይገባበታል።

"አባዬ፣ ይሄን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ። ድሮም ነበረ።"

"ድሮ አልነበረም!"

"ይሄ ቤት መንቀጥቀጥ ብርቁ ነው እንዴ?" አለኝ እየሳቀ። "አንቺስ ራስሽ በመንቀጥቀጥ አይደል ያደግሽው?"

ይሄኛውስ እውነት ነው። ልጅ ሳለሁ የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይርገፈገፋል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ እናቴ ማሰሮውን በእጇ ደግፋ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ማንም አይደነግጥም። በዚያ ሐዲድ ላይ ባቡር መሄድ ካቆመ ግን ብዙ ዓመት ሆኖታል። አዲሱ መስመር የሚያልፈው በሌላ በኩል ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አባቴ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፉ ሥር ተቀምጦ ነበር። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ ፈቀደም አልፈቀደም፣ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። የሚያስቀው፣ መጀመሪያ ያሰብኩት "ባቡር መጣ" ብዬ ነው። እጄ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጥፌ እስክጨርስ ድረስ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወለሉ ከሥሬ ወደ ጎን ሸሸ። ከጣሪያው አቧራ ወረደ። ያኔ ሮጥኩ።

በረንዳውን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ደረጃውን ነው። ቀኝ እግሬን ስሰድ ድንጋዩ እኔ በጠበቅኩት ቦታ አልነበረም። እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና ሙሉ ክብደቴ ከላዩ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቤቱ መስሎኝ ነበር፤ ቤቱ ግን እንደቆመ ነው።

አባቴ ከዛፉ ሥር መጥቶ አጠገቤ ሲንበረከክ መሬቱ ጸጥ ብሏል። ቁርጭምጭሚቴ እያየነው አበጠ። በውጪው በኩል እንቁላል የሚያህል ነገር ወጣበት። ሕመሙ እስኪመጣ ትንሽ ቆየ፤ ሲመጣ ግን ማቅለሽለሽ ጭምር ይዞ መጣ።

"ወለምታ ነው" አለ አባቴ። "ወጌሻ ልጥራልሽ።"

"እንዳትነካኝ! ማንም እንዳይነካኝ!"

እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ጎረቤታችን ባጃጅ ነበረው፤ እሱ ወደ ክሊኒክ ወሰደን። መንገዱ ላይ ፍራሽና ጄሪካን የጫኑ አይሱዙዎች ከከተማው እየወጡ ነበር። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር እግሬን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን ዳሰሰ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የእግሬን የውጪ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ከአልጋው ልወድቅ ደረስኩ። ራጅ አስነስቶኝ ሲመለስ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳየኝ።

"ጅማት በራጅ አይታይም። ግን ከእብጠቱና ከሕመሙ፣ ቁርጭምጭሚትሽን በውጪ በኩል የሚይዙት ጅማቶች ተበጥሰዋል ብዬ ነው የማስበው። አጥንቱን ግን ይኸው።" ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም አጥንት በእስኪርቢቶ ተከተለው። ግርጌው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረች። "እዚህ ጋ ተሰብሯል። እዚህ ደግሞ፣ ከአጠገቡ፣ ትንሽ ስንጥቅ አለ።"

ፊልሙ ላይ ያለው መስመር ከአባቴ ግድግዳ ስንጥቅ ጋር ተመሳሰለብኝ። ደጋግሜ አየሁት።

"ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል?"

"አይመስለኝም። አጥንቱ ከቦታው አልተንሸራተተም። በጀሶ እናስረዋለን። ግን ስሚኝ፣ ጀሶው እስኪወጣ መሬት አትረግጪበትም። ከረገጥሽ አጥንቱ ላይገጥም ይችላል፤ ጅማቱም ልል ሆኖ ከዳነ ዕድሜ ልክሽን ይከዳሻል።"

"መሬቱ ሲንቀጠቀጥስ? እንዴት ነው የምወጣው?"

እስኪርቢቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይህን የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ "ውጪ ሁኚ" አለኝ። "አትግቢ።"

እንደዚያው አደረግን። አባቴ አልጋዬን አፍርሶ አውጥቶ ከኒሙ ሥር ተከለው፤ በላዩ ሸራ ወጠረ። ቀን ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኝቼ ቤቱን አያለሁ። የፈራሁት ሞትን ብቻ አልነበረም። ሌላ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያደርገውን ነገር፣ ተነስቶ መሮጥን፣ እኔ አለመቻሌ ነው አእምሮዬን የበላው። ክራንቹን ከእጄ አላርቀውም። ስተኛም ደረቴ ላይ ነው። ትንሽ ነፋስ ሸራውን ሲያወዛውዘው እነቃለሁ። ጀሶው ውስጥ እግሬ ሲመታ፣ የደም ሥሬ ምት ከመሬት የሚመጣ ይመስለኛል።

"አባዬ፣ አሁን ተንቀጠቀጠ?"

"አልተንቀጠቀጠም፣ ልጄ።"

በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቀው እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን ሰልችቶት አያውቅም። አንዳንዴ ለማረጋገጥ ብሎ ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ ጎንበስ ብሎ ያያል።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር። ላወጣው መጥቼ እኔው አሰርኩት። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወጡ። ባለ ባጃጁም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዳማ ሄደ። አባቴ ከእንግዲህ "ልሂድ" ቢል እንኳ ትቶኝ አይሄድም።

ከዚያ የገላ መታጠቡ ቀን መጣ። አቧራና ላብ ተደራርበውብኝ ራሴን መሽተት ጀምሬ ነበር። "ለአፍታ ነው፣ ምንም አይሆንም" ብዬ አባቴን ለመንኩት። ውሃ ቀድቶ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠልኝ፤ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ፤ ጀሶው እንዳይርስ በፌስታል ጠቅልዬ ሌላ በርጩማ ላይ ሰቀልኩት። እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ በረንዳው ላይ ቆመ።

ሳሙና ፊቴ ላይ እንዳለ መጣ። ድምፁ ነው የቀደመው፤ ከሩቅ የሚመጣ ጉርምርምታ። ባልዲው ተንሸራቶ ተደፋ። ክራንቼ ግድግዳውን ለቅቆ ወደቀና ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ከእጄ ራቀ። ዓይኔ በሳሙና ተቃጥሏል፤ እርቃኔን ነኝ፤ አንድ እግሬ ድንጋይ ነው። ከላይ የሆነ ነገር ተሰንጥቆ የልስኑ ፍርፋሪ ጀርባዬ ላይ ዘነበ።

"አባዬ፣ አትግባ! ውጣ! አትግባ!"

አትግባ ያልኩት ቤቱ እንዳይጫነው ብዬ ነው። እሱ ግን የተረዳው በሌላ መንገድ ነው። በሩ ተከፈተ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ ጋቢውን ወደ እኔ ዘርግቶ ገባ። በዚያ ሁሉ መሀል "አላየሁም፣ አላየሁም፣ ልበሺ" ይለኛል። ጋቢውን ጠመጠምኩት። ክንዱን ብብቴ ሥር አስገብቶ አነሳኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ የእሱ ይሁን የመሬቱ መለየት አልቻልኩም። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ እሱ እየጎተተኝ በረንዳው ላይ ደረስን። ደረጃው ላይ ስደርስ ሰውነቴ ደርቆ ቀረ። አልወርድም አልኩ። እሱም አልተከራከረኝም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አደረገኝና በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

ቤቱ አልፈረሰም። ከጣሪያው ጥግ የልስኑ ቁራሽ መታጠቢያው ውስጥ ወድቆ፣ በርጩማው አጠገብ ተከስክሶ አገኘነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቁራሹን በእጁ አገላብጦ አየው። ከዚያ ወጥቶ "ሰመራ እንሂድ" አለኝ።

ሚኒባስ ማግኘት የማይታሰብ ነበር። አባቴ ነዳጅ ማደያው ጋ ሄዶ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ለመነ። ሾፌሩ የወሎ ሰው ነው፣ ጢሙን በሂና የቀባ። እግሬን ሲያይ "ያ አላህ፣ ይህችን ልጅ እንዴት ነው እዚህ ላይ የምናወጣት?" አለ። ጋቢናው ከፍታው ከሰው ቁመት በላይ ነው። አባቴ ከታች እየገፋ፣ ሾፌሩ ከላይ በብብቴ እየጎተተ፣ እኔ እየጮህኩ ገባሁ።

አዋሽ አርባን አልፈን ወደ ገዋኔ ስንወርድ ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እግሬን መስማት ጀመርኩ። መቀመጫው ጠባብ ስለነበር እግሬ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሙቀቱ ደግሞ የማይቻል ነበር። ጀሶው የጠበበ መሰለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ሰዎቹ ለእኔ ብለው የደከሙት ሳያንስ ሌላ ልጨምርባቸው? ትንሽ ቆይቶ ሕመሙ ቀነሰ። ተሻለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ዝቅ ብዬ ጣቶቼን ስነካቸው ግን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር። ምንም አይሰማኝም።

"አባዬ፣ ጣቶቼ" አልኩ።

ሾፌሩ ቀድሞ አየ። "ምነው ጠቆሩ?" ብሎ መኪናውን ወደ ዳር አወጣ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ ጣቶቼ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ ነግሮኝ ነበር። መመለሻው ግን የቱ ጋ ነው? በግራም በቀኝም ሜዳ ነው፤ ሰው የለም፤ ከሩቅ ግመሎች ይታያሉ። እግሬ ከጉልበቴ በታች ሲቆረጥ ታየኝ። እንዲያው ዝም ብሎ፣ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም።

ሾፌሩ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን መኝታውን ጠርጎ አስተኛኝ። ብርድ ልብሱን፣ ጃኬቱን፣ ያገኘውን ሁሉ ከእግሬ ሥር ደረደረ። አልበቃ ሲል አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ተንበርክኮ ተረከዜን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንስቶ ያዘው። ከዚያ እስከ ሰመራ እንደዚያ ያዘው። ክንዱ ሲደክም ትከሻው ላይ ያደርገዋል። በየመሀሉ ጣቶቼን ይቆነጥጥና "ይሄስ?" ይለኛል። "አይሰማኝም።" "ይሄኛውስ?" "አይሰማኝም፣ አባዬ።" ሚሌን አልፈን ሎጊያ ልንደርስ ስንል "ይሄስ?" ሲለኝ ትንሽ፣ ከጥጥ ሥር እንደሚነካ ነገር፣ ተሰማኝ። አልነገርኩትም። የውሸት እንዳይሆን ፈራሁ። ሲደግመው ነው "አዎ" ያልኩት። ሾፌሩ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ መሪውን መታ።

እሱው እስከ ሰመራ ክሊኒክ በር ድረስ ከነተሳቢው አደረሰን። ውስጥ ጀሶውን በመጋዝ ሰነጠቁት። የመጋዙ ድምፅ አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ ይቆርጠኛል ብዬ የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ጀሶው ሲከፈት ደሙ ተመልሶ ሲገባ የተሰማኝ ሕመም ከስብራቱ ቀን ይበልጣል። ባለሙያው ጣቶቼ ሲቀሉ አይቶ ተነፈሰ። "ሌላ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ኖሮ…" አለና አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅኩትም። እብጠቱ ሲወርድ ሌላ ጀሶ፣ ላላ ያለ፣ አደረጉልኝ።

አባቴ ከእኔ ጋር በኮንዶሚኒየሟ ክፍል ተቀመጠ። የሰመራ ነፋስ አስጠላው፤ ሲነፍስ መስኮቱ ላይ ቆሞ "ይሄ አገር ዛፍ የለውም እንዴ?" ይላል። ጀሶው የወጣ ቀን ያየሁት እግር የኔ አይመስልም ነበር። ቀጥኗል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ባቱ ሟሙቷል። በራጅ አጥንቱ ገጥሟል። ጅማቱ ግን መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ስትቆሚበት ነው አሉኝ። መቆም ነበር የፈራሁት።

ፊዚዮቴራፒስቷ የአፋር ልጅ ናት፣ ከእኔ ታንሳለች፤ አማርኛዋ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ተኝቼ በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ አዘዘችኝ። "ሀ ሁ ብለሽ ጀምሪ። ሁሉንም አቅጣጫ ያዞርልሻል።" ሐ ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ላስቲክ በእግሬ መሳብ፣ ከዚያ ወንበር ይዞ ተረከዝ ማንሳት። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያቃተኝ በቀኝ እግሬ ብቻ መቆም ነው። እንደቆምኩ ቁርጭምጭሚቴ ወዲያና ወዲህ ይርገፈገፋል። እኔ ደግሞ ግድግዳውን ይዤ እጮሃለሁ።

"ተንቀጠቀጠ!"

"አብሽሪ፣ እህቴ። መሬቱ አይደለም፤ እግርሽ ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እግርሽ ነው።"

ጅማት ሲበጠስ እግር ያለበትን ቦታ የሚያውቅበትን ስሜት ያጣል፣ መልሶ መማር አለበት ብላ አስረዳችኝ። ገባኝ። መግባቱ ግን ፍርሃቴን አልቀነሰውም። ቤት ውስጥ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ክንዱን ይዘረጋል፤ እኔ ሳልነካው እንዳለ እያወቅኩ እለማመዳለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም የታዘዝኩ ጊዜ ለሦስት ቀን ሳልሄድ ቀረሁ። ደውላ "ኢንሻአላህ ነገ ትመጫለሽ" አለችኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።

ሄድኩ። ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቁርጭምጭሚቴ መርገፍገፍ ጀመረ። እግሬ ነው፣ እግሬ ነው አልኩ ለራሴ። ከወትሮው የባሰ ነበር፤ ግን ተምሬያለሁ፣ እግሬ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ።

"ውጪ! ውጪ ውጪ!"

ዓይኔን ስገልጥ እሷ በሩ ላይ ናት፤ ነጭ ጋውኗ በበሩ እጀታ ተይዞባታል። የጣሪያው አምፖል ይወዛወዛል። ሮጥኩ። ኮሪደሩን፣ መውጫውን፣ ጠጠር የተነሰነሰበትን ግቢ ሮጥኩ። ውጪ ደርሼ ከሌሎቹ ጋር ቆሜ ነው መሮጤ የገባኝ። እሷ ሻሿን እያስተካከለች ወደ እግሬ አየች፤ ከዚያ ወደ ፊቴ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ንዝረቱ ትንሽ ነበር፤ የጎዳው ነገር የለም። እግሬ ግን ወደ ማታ አበጠ። እንደገና በጠስኩት ብዬ ሌላ ፍርሃት ገባኝ። በማግስቱ አየችው፤ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ወዲያና ወዲህ ሳበችው። "ይዟል" አለች። "ተቆጥቶ ነው እንጂ ይዟል።" በረዶ አድርጌ ልምምዱን ካቆምንበት ቀጠልን።

አዋሽ ሲረጋ አባቴ ልቡ ወደ ቤቱ ሄደ። ስንጥቁ እስኪጠገን ውጪ እንደሚተኛ አስማልኩትና ፈቀድኩ። መናኸሪያ ልሸኘው በእግሬ ሄድኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ማሰሪያ አድርጌ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ቀና ብለሽ ሂጂ" አለኝ።

እስካሁን አልቻልኩበትም። ብርድ ወይም ብዙ መቆም ሲኖር በውጪው ጠርዝ በኩል ይጠዘጥዘኛል። ቢሮ ስብሰባ ሲኖር በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ቀድሜ እይዛለሁ፤ ባልደረቦቼ ለምደውታል፣ ይተውልኛል። ጫማዬንም ማታ ስተኛ ማሰሪያው ተፈትቶ፣ አፉ ወደ በሩ ዞሮ ነው የማስቀምጠው።